ጋሽ ቱሉ የፈቱት ሽቦ

ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቴ ሁለት ነገር ሰጠኝ። አንዱ ጋቢ ነው፤ ሌላው ቤቴ ድረስ የተዘረጋ ስልክ። ጋቢው ጠቅሞኛል። ስልኩ ግን ከገባ ጀምሮ እንደ አኮረፈ እንግዳ ጥጉን ይዞ ተቀምጧል። ዕድሜዬን በሙሉ ሰው ከሰው ሳገናኝ ኖሬ፣ እኔን ብሎ የሚደውል ሰው እንደሌለኝ ያወቅሁት ስልክ ሲገባልኝ ነው። በቀደም አንድ ጊዜ ጮኸ። ስሮጥ ጉልበቴን ከጠረጴዛው ጋር አጋጭቼ አነሳሁት። «ወፍጮ ቤት ነው?» አለች አንዲት ሴት። አይደለም አልኳት። «ታዲያ የት ነው?» አለች። ቤቴ ነው ብላት ሳቀችና ዘጋችው። ትንሽ ብታወራኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የምኖረው ኮልፌ፣ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወረድ ብሎ ነው። ዛሬ ሰው ከሰው የሚጋፋበት ይህ ሰፈር እኔ ሥራ ስጀምር የከተማው ጫፍ ነበር፤ ከዚህ ወዲያ ባሕር ዛፍና የገብስ ማሳ ነው። በቅርቡ የሰፈሩን መስመር ሊጠግኑ ወጣቶች መጡ። ወጥቼ ቆሜ ሳያቸው አንደኛው፣ «አባባ፣ ሽቦ እንዳይወድቅብዎት፣ ትንሽ ራቅ ይበሉ» አለኝ። በአክብሮት ነው የተናገረው፤ ራቅሁለት። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ተናደድኩ። በማን እንደምናደድ ስላላወቅሁ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። ስለ ራሴ ብዙ የሚወራ የለኝም። የጋሽ ቱሉን ነገር የሚያውቅ ግን ከእኔ በቀር በሕይወት ያለ ሰው የቀረ አይመስለኝም፤ እኔም ስሞት አብሮኝ መቀበሩ አሳሰበኝ።

ሥራ የገባሁት ጣሊያን ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ቆዳ ይነግድ ነበር፤ እኔንም ለንግድ ነበር ያሰበኝ። እኔ ደግሞ ደንበኛ ሲከራከረኝ ቶሎ አዝንለታለሁ። «ይሄ ልጅ ያከስረኛል» አለና ለሚያውቃቸው ስልከኛ፣ ለጋሽ ቱሉ አስረከበኝ። ጋሽ ቱሉ የዚሁ የኮልፌ ዙሪያ ተወላጅ ናቸው። ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ በመስመሩ ዳር ካለው ገበሬ ጋር በኦሮምኛ፣ ከሽቦው ጋር ደግሞ በማጉረምረም ይነጋገራሉ። መጀመሪያ የሰጡኝ ሥራ መሰላል መሸከም ነበር። «ወልዴ፣ መሰላሉን የናቀ ሰው ከወጣ በደህና አይወርድም» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር፤ እኔም ከልቤ እሸከም ነበር።

ጣቢያችን ኮልፌ ዳር የነበረች የጭቃ ቤት ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ እጀታው እየተዞረ የሚጠራ ስልክና አንድ አግዳሚ ወንበር፤ ሌላ የለም። ሽቦው በመስኮት ወጥቶ፣ በምሰሶ ላይ ተሸጋግሮ፣ ገፈርሳን አልፎ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። በዚያን ዘመን መስመሩ አንድ ሽቦ ብቻ ነበር። ድምፅ በሽቦው ሄዶ በመሬት ውስጥ ይመለሳል። ለዚህ ተብሎ ከቤቷ ጀርባ ረጅም ብረት ተቀብሯል፤ በበጋ መሬቱ ሲደርቅ ድምፁ ይሞታል። ስለዚህ ጋሽ ቱሉ ጠዋት ጠዋት፣ ፊታቸውን እንኳ ሳይታጠቡ፣ ጨው ጣል ያደረጉበትን ውኃ ይዘው ብረቱን ያጠጣሉ። ጎረቤታችን የነበረ አንድ ሸማኔ በአጥር እያየ፣ «ቱሉ፣ መቼ ነው የሚበቅልልህ?» ይላቸዋል። «ሲበቅል ዘሩን እሰጥሃለሁ» ይሉታል። ይህ በየጠዋቱ የሚባል ነበር፤ ሁለቱም ሲሰለቻቸው አላየሁም።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። መስመሩ መኖር አለመኖሩን የሚለዩት በምላሳቸው ነው። ምሰሶ ላይ ወጥተው የሽቦውን ጫፍ ምላሳቸው ላይ ነካ ያደርጉና፣ ኮልፌ ጣቢያው የቀረው ተረኛ በተነጋገርንበት ሰዓት የስልኩን እጀታ ሲያዞር፣ «አለች፣ ጎመዘዘችኝ» ይላሉ። ከጎመዘዘቻቸው ብልሽቱ ወደፊት ነው፤ ካልጎመዘዘቻቸው ወደ ኋላ እንመለሳለን። እኔም ሞከርኩት። መጀመሪያ ቀን ምላሴን እንደ በርበሬ ለበለበኝና ከመሰላሉ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም፤ ሥር ቆመው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ሦስተኛው ልማዳቸው ጣሊያን ከገባ በኋላ የመጣ ነው። ምሰሶ ላይ ሲወጡ ሁልጊዜ ፊታቸውን ወደ ቅርቡ መንደር ያዞራሉ፤ ፀሐይ ዓይናቸውን ቢወጋቸውም ግድ የላቸውም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ጫካ ውስጥ ያለውም፣ ቤቱ ያለውም ማን እንደወጣ ይይ። ጀርባውን የሰጠ ሰው ሁሉ ጣሊያን ይመስላል» አሉኝ።

ጣሊያን ከተማውን እንደያዘ የስልክ ሠራተኛውን ሰብስቦ ሥራችሁን ቀጥሉ አለን። ብዙዎቹ ጠፉ። እኔም ልጠፋ ነበር፤ ጋሽ ቱሉ ናቸው ያስቀሩኝ። «እኛ ብንተወው እነሱ ራሳቸው ይጠግኑታል» አሉኝ፤ «ያን ጊዜ የሽቦውን ጫፍ የሚያዩት እነሱ ይሆናሉ።» ያኔ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። የገባኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ብቸኝነት ነው። ሰፈሩ ሰላምታ ነሳን። ሸማኔው በአጥር ማየቱን ተወ። ለቅሶ ቤት ስገባ ወሬው ይቆማል፤ ከኋላዬ ባንዳ የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ጣሊያኖቹም አያምኑንም ነበርና ማምሻውን ከሥራ ስንመለስ ኪሳችንን ይፈትሻሉ። በሁለቱም በኩል ሰው አልነበረንም፤ እሳቸው ለእኔ፣ እኔ ለእሳቸው ብቻ ነበርን።

የጫፉ ነገር የገባኝ አርበኞች ሽቦ መቁረጥ ሲጀምሩ ነው። የጣሊያን ጦር አዋጅ አወጣ፤ ሽቦ ተቆርጦ ከተገኘ ለቦታው የሚቀርበው መንደር ይቃጠላል፣ ወንዶቹም ይወሰዳሉ። የመስመሩ አለቃችን ሲኞር ብሩኖ የሚባል ወፍራም ጣሊያናዊ ነው፤ እኛ ካቦው እንለዋለን። ካቦው ሙያውን ያውቃል። በተጠገነ ቁጥር የተበላሸውን ጫፍ ቆርጠን እንድናመጣለት አዘዘ። በነፋስ ወይም በዛፍ ክብደት የተበጠሰ ሽቦ ጫፉ ይቀጥናል፣ ይሾላልም። በመሣሪያ የተቆረጠው ግን ጠፍጣፋ ነው፤ ልጅ እንኳ ይለየዋል።

መጀመሪያ የተቆረጠ ሽቦ ያገኘን ቀን ጋሽ ቱሉ የተቆረጠውን ጫፍ በፒንሳ ያዙና ሽቦውን ከወዲያ በኩል እኔ እንድጎትት ሰጡኝ። ወዲያና ወዲህ እያጠፉ፣ እየጎተቱ፣ ሽቦው ሞቆ እስኪዝል ለፉበት። መጨረሻ ላይ በገዛ ራሱ በጠስ አለ፤ ጫፉም ሾለ። ጠፍጣፋውን ጫፍ ከወንዝ ጣሉትና የሾለውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ጣታቸው ተልጦ ይደማ ነበር። «ዛሬ ነፋስ ነበር» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ቅጠል እንኳ የሚነቀንቅ ነፋስ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነፋሱ በዛ። አንድ ጊዜ ካቦው ጫፉን በአውራ ጣቱ እያሸ ብዙ ቆየና በተሰባበረ አማርኛው፣ «የእናንተ አገር ነፋስ ፒንሳ ይዞ ነው የሚዞረው?» አለ። ጋሽ ቱሉ ፈገግ ሳይሉ፣ «ክረምት ሲገባ ይተዋል፣ ሲኞር» አሉት። ካቦው ጫፉን ቅርጫት ውስጥ ወረወረው። እኔ ላብ በላብ ሆኜ ነበር። 

ያ ክፉ ቀን የመጣው በበጋ ነው። የዋዜማው ዕለት ወደ ማምሻው መስመሩ ጠፋ። ጠዋት ጋሽ ቱሉና እኔ መሰላል ተሸክመን፣ ገፈርሳን አልፈን፣ ጉቱ የምትባል ትንሽ መንደር አጠገብ ደረስን። ቀና ስል ምሰሶዎቹ ራቁታቸውን ቆመዋል። ሽቦው ከአንድ ቦታ አልተቆረጠም፤ ከመንደሩ ራስጌ ባለው ኮረብታ ላይ የነበረው በሙሉ ተወስዷል። ሲኒ በምንላቸው ነጭ ሸክላዎች ላይ የቀሩት በማሰሪያ የታሰሩ አጫጭር ጉማጆች ብቻ ነበሩ፤ የሁሉም ጫፍ ጠፍጣፋ ነው። ይህ የማይጎተት፣ የማይሾል ነው። ምትክ የሚሆን ሽቦም አልያዝንም። በገፈርሳ በኩል ካለው መንገድ የወታደር መኪና አቧራ ሲነሳ አየሁ።

ጋሽ ቱሉም አዩት። መሰላሉን አስደግፌ እንድይዝላቸው አዘዙኝና ወጡ። ማሰሪያ ማለት ዋናውን ሽቦ ከሲኒው አንገት ጋር የምናያይዝበት ቀጭን ሽቦ ነው። እሳቸው ሲያስሩ ወደ ግራ ጠምዝዘው፣ ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፈው ነው። ሌላ ሰው ሲፈታው ያበላሸዋል፤ እሳቸው ብቻ ናቸው እንደ ጫማ ክር ቀለል አድርገው የሚፈቱት። ማሰሪያውን ፈትተው፣ ጠቅልለው እዚያው አንጠለጠሉት። ጉማጁን ቦርሳቸው ውስጥ ጨመሩ። ወርደው ወደሚቀጥለው ምሰሶ ሄዱ፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው።

«ጋሼ፣ ምን እየሠሩ ነው? ሽቦ እኮ የለንም!» አልኳቸው።

«መሰላሉን አጥብቀህ ያዝ።»

ለአዲስ ሽቦ ቦታ የሚያጸዱ መሰለኝ። ሲወጡና ሲወርዱ እንደ ወትሮው ፊታቸው ወደ ጉቱ ነበር። መኪናው ሲደርስ የመጨረሻውን ምሰሶ ጨርሰው ወርደው፣ መሰላሉን ተደግፈው ላባቸውን ይጠርጉ ነበር።

አንድ ካፒቴን፣ አስተርጓሚው፣ ወታደሮችና ካቦው ወረዱ። ወታደሮቹ ሰዉን ከየቤቱ እየነዱ አውድማው ላይ ሰበሰቡት። አንዱ ችቦ ለኩሶ ከመጀመሪያው ጎጆ አጠገብ ቆመ። ያቺን ጎጆ አሁንም አያታለሁ፤ ደጃፏ ላይ ቅል ተሰቅሎ ነበር።

«ሽቦውን ማን ወሰደው?» አለ አስተርጓሚው።

ካፒቴኑ ችቦ ወደያዘው ወታደር ዞረ።

«የመንደሩ ሰው አይደለም» አሉ ጋሽ ቱሉ። «የፈታሁት እኔ ነኝ። ትናንት ፈትቼ ሸጥኩት።»

«ለማን?»

«ለመንገደኛ ነጋዴ። ስሙን አልጠየቅሁትም።»

አንዲት አሮጊት ከሰዉ መካከል ብድግ ብለው ሊናገሩ ሲሉ ጋሽ ቱሉ በኦሮምኛ ዝም እንዲሉ ነገሯቸው። አሮጊቷ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ተቀመጡ። ካፒቴኑ አላመነም። ካቦውን ጠራና ምሰሶውን እንዲያይ አዘዘው። ካቦው ያን ወፍራም ገላውን እየጎተተ በእኛው መሰላል ወጣ። የተፈታውን ማሰሪያ በጣቱ ነካካው። ሁለተኛውንም ወጥቶ አየው። ከዚያ ወርዶ እጁን በመሐረብ ጠረገና ለካፒቴኑ በቋንቋቸው ነገረው። አስተርጓሚው ለእኛ ተረጎመው፤ «ይህን የፈታው የሙያ እጅ ነው። እጁም የእሱ ነው» ብሏል። ቦርሳቸው ሲፈተሽ ጉማጆቹ ተገኙ። ካቦው ይህን ሁሉ ሲናገር ጋሽ ቱሉን አላያቸውም፤ የገባው ገብቶት ይሁን፣ እውነት መስሎት ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ካፒቴኑ ወደ እኔ ጠቆመ። «ይሄኛውስ?»

ጋሽ ቱሉ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ይሄ መሰላል ተሸካሚ ነው። ትናንት አልነበረም። ስሙንም በቅጡ አልያዝኩትም» አሉ።

ሊያድኑኝ እንደሆነ ያኔም ገብቶኛል። ቢሆንም አንጀቴን ነው የቆረጠኝ። ከአባቴ ይልቅ የማውቃቸው ሰው ስለ እኔ የተናገሩት የመጨረሻ ቃል አላውቀውም የሚል ሆነ። ችቦው ጠፋ። የጉቱ ሰው ወደየቤቱ ገባ። እሳቸውን በሰደፍ እየመቱ መኪናው ላይ ጫኗቸው፤ እኔ መሰላሉን ብቻዬን ተሸክሜ ወደ ኮልፌ ተመለስኩ።

በማግሥቱ ሚስታቸው እትዬ አስካለ ወደ ጣቢያው መጡ። ጠላ እየሸጡ ቤት የሚደግፉ፣ ምላሳቸው የተሳለ፣ ደግ ሴት ናቸው። «ወልዴ፣ እውነት ሰረቀ?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ? እውነቱ ከአንድ ጆሮ ወደ ሌላው ቢሄድ ካፒቴኑ ወደ ጉቱ ይመለሳል፤ ጋሽ ቱሉም የታሰሩት በከንቱ ይሆናል። እትዬ አስካለ አሰብ አደረጉና፣ «ያ ሁሉ ሽቦ ተሸጦ እኔ ቤት አንድ ሳንቲም አልገባም። ታዲያ የማን ቤት ገባ?» አሉ።

ሰፈሩ መልሱን አዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ቱሉ ሌላ ሴት ነበረችው ተባለ። አንዱ መልኳን፣ ሌላው ሰፈሯን ጨመረበት። እትዬ አስካለም አመኑ። ያገኘሁት ሰው ሁሉ ሲናደድ ጉልበት ያጣል፤ እሳቸው ግን በረቱ። ጠላቸውን እየቀዱ፣ «ይምጣ ብቻ! በዚህ በር ይግባ እንጂ የምለውን እኔ አውቃለሁ» ይላሉ። የባላቸውን ልብስ በየጊዜው አጥበው ይሰቅሉታል፤ «ሲመጣ አንስቼ እወረውርለታለሁ» እያሉ። እኔ ጠጪ መስዬ ጥግ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። እውነቱን የያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ከእሳቸው ቤት ወጥቼ ጣቢያው ስገባ የማወራው ሰው አልነበረኝም። ጠዋት ብረቱን አጠጣለሁ። መቼ እንደሚበቅል የሚጠይቀኝ እንኳ አጣሁ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ያሳለፍኩት የሥራ ዘመን ረጅም ነው፤ የሚተረክለት ግን ጥቂት ነው። ነቀምት ላኩኝ፣ ከዚያ ጎሬ፣ ከዚያ ጅማ። ደመወዙ አይበቃም ነበር፤ ለማንስ በቅቶ ያውቃል። ሰው ሲያስነጥስ ሪፖርት የሚፈልግ አለቃ ነበረኝ፤ ሠራተኛው ሲታመም ገንፎ አሠርቶ የሚልክ አለቃም ነበረኝ። ጅማ ሚስት አገባሁ፤ ወባ ወሰደብኝ፣ ልጅም አልተረፈልንም። በመካከሉ መስመሩ ባለ ሁለት ሽቦ ሆነና መሬት ማጠጣት ቀረ። ምላስ የሚያስነካም ጠፋ፤ መርፌዋ የምትወዛወዝ መሣሪያ መጣች። ጥሩ መሣሪያ ናት፣ አልጠላኋትም። አብሯት የሚያጉረመርም ሰው ነው ያጣሁት።

ለመጻፍ ስነሳ ያሰብኩት ግን ወደ ነቀምት ከመሄዴ በፊት የሆነውን ነው። ጣሊያን እንደወጣ፣ ወደ ቆላ አግዟቸው የነበሩ እስረኞች መመለስ ጀመሩ። ከሚመለሱት ሁሉ እየጠየቅሁ ከጋሽ ቱሉ ጋር አንድ ሰንሰለት ላይ የታሰረ ሰው አገኘሁ። በሄዱበት ዓመት፣ በሙቀቱና በተቅማጡ እንደሞቱ፣ እሱ ራሱ አፈር እንዳለበሳቸው ነገረኝ። ከዚያ ሰው ተለይቼ ቀጥታ ወደ እትዬ አስካለ ቤት ሄድኩ። ሁለት መልእክት ይዣለሁ፤ ሽቦውን አለመስረቃቸውንና መሞታቸውን። ሥራዬ መልእክት ማድረስ ቢሆንም የትኛውን እንደማስቀድም መንገዱን ሁሉ እያሰብኩ ሄጄ ከዚያ በፊት አላውቅም። መጨረሻ ላይ ስማቸውን ማጽዳቱን ላስቀድም፣ መጀመሪያ ይታረቋቸው አልኩ።

እትዬ አስካለ ጋን እያጠቡ ነበር። ቁጭ በሉ አልኳቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ችቦውን፣ አሮጊቷን፣ ምሰሶ ለምሰሶ እየወጡ የፈቱትን ማሰሪያ። እጃቸው እንደረጠበ ጭናቸው ላይ ቀረ።

«ሌላ ሴት የለችም?» አሉኝ።

«የለችም፣ እትዬ። ኖራም አታውቅም።»

ውጪ የታጠበው የጋሽ ቱሉ ሸሚዝ ገመድ ላይ ተሰቅሏል።

«ይህን ሁሉ ጊዜ የቆምኩት በንዴቱ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው የሌላ ሰው መሰለኝ። «ሲመጣ የምለውን እያሰብኩ ነው ጠዋት የምነሳው። ይኸው አንተ መጥተህ ወሰድክብኝ። አሁን ምን ይዤ ነው የምጠብቀው፣ ወልዴ?»

ሁለተኛውን መልእክት ገና አልነገርኳቸውም ነበር።